ከባይና በስተግራ

ቴምፐርሊ፣ ሳውዝ ካሮላይና
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1993

ለእትዬ ዶራ፣

ዳሌዎ እንዴት ነው? ዶክተሩ ያዘዘልዎትን ምርኩዝ ይዘው ነው የሚወጡት ወይስ አሁንም ከበሩ ኋላ ተገትሯል? ለጠየቁኝ ሁሉ መልሴ አዎ ነው። አዎ እበላለሁ፣ አዎ ብርድ ልብስ አለኝ፣ አዎ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልቀርም። ስልክ ብደውል ይቀል ነበር፤ ባለፈው ግን «አልሰማም፣ ማነህ አንተ?» ብለው ሁለቴ ጆሮዬ ላይ ስለዘጉብኝ በደብዳቤው እንቀጥል።

ዛሬ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። እዚህ የድሮው የሩዝ ርስት ላይ አስጎብኚ ሆኜ ከተቀጠርኩ አሥር ወር ሆነኝ። እስካሁን ለሰው ሳሳይ የኖርኩት የባሪያ አሳዳሪ ጌቶቹን የምግብ ጠረጴዛና የሐር መጋረጃ ነበር። አሁን አስተዳዳሪያችን ወይዘሮ ኮርቢት ከስንት ልመና በኋላ እሺ አለች። ኤፕሪል 24፣ ቅዳሜ፣ በዚህ ርስት በባርነት ኖረው ለሞቱት የመታሰቢያ ቀን ይሆናል። ስማቸው በነሐስ ሰሌዳ ይጻፋል፤ ዘሮቻቸው ከያሉበት ይጠራሉ። እርስዎም ተጠርተዋል፤ እንቢ ማለት አይቻልም።

መቃብሩንም አገኘነው። አባቴ እንደሚለው ከሩዙ ማሳ ማዶ፣ ከአሮጌው የውሃ በር ጀርባ፣ ጥዱ ሥር ነው። ቢያዩት ያለቅሱ ነበር። ዱር ውጦታል፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሻሻ ሲጥልበት ኖሯል። የተሰበረ ማሰሮ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ፋኖስ፣ የቆመ ሰዓት፣ ምኑ ቅጡ። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ለቅመን በስድስት ጆንያ አወጣነው። አሁን መሬቱ እንደ ሳሎን ወለል ተጠርጓል። እጄ ቆስሏል፤ ልቤ ግን ደስ ብሎታል።

የመቃብር ድንጋይ ግን አንድም አልተገኘም። ማን የት እንደተኛ የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር የተረፈ የለም ይላሉ። እስቲ ያስታወሱትን ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ ካሊስታ


ፊላዴልፊያ
ፌብሩዋሪ 15

ካሊስታ፣

ሰላምታውን ሌላ ቀን እሰጥሻለሁ። ጆንያዎቹ የት ናቸው? ይህን ሳትመልሺ ስለ ሌላ ነገር አንዲት መስመር እንዳትጽፊልኝ።

ያ ቆሻሻ አይደለም። የመቃብር ምልክታቸው እሱ ነው። ድንጋይ ማን ሰጥቷቸው! ሰው ሲሞት መጨረሻ የያዘው፣ መጨረሻ የጠጣበት ነገር ራስጌው ላይ ይቀመጣል። ተሰብሮ ነው የሚቀመጠው። ካልተሰበረ የሞት ሰንሰለት አይበጠስም፤ ሟቹ ከቤተሰቡ ሌላ ሰው ይጎትታል። ከዚያ መሬት መርፌ እንኳ አይነሳም። እኛ ልጆች ሆነን ኳሳችን ከጥዱ ሥር ከገባ ኳሱን ጥለን ነበር የምንሄደው። አንቺ ስድስት ጆንያ! ያውም በመጥረጊያ!

የተናደድኩት ባንቺ ብቻ አይደለም። አባትሽ ከዚያ ሲወጣ ገና ልጅ ነበር፤ ምን ያውቃል? መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። እሁድ እሁድ ሩዝ በቀይ አተር ሳበላሽ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቦታ ትንፍሽ አላልኩም። ለምን እንዳትዪኝ። ስለ ጆንያዎቹ ብቻ መልሺልኝ።

ኤልዶራ


ቴምፐርሊ
ፌብሩዋሪ 22

እትዬ ዶራ፣

ደብዳቤዎን ቆሜ ጀምሬ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ይቅርታ የሚለው ቃል አነሰብኝ፤ ሌላ ቃል ደግሞ የለኝም።

ጆንያዎቹ አልተጣሉም። የሆነው ግን ከመጣል አይሻልም። ወይዘሮ ኮርቢት ጋሪው ላይ አይታቸው «ይህ እኮ ቅርስ ነው!» ብላ አስወሰደቻቸው። ታጥበዋል። ትልቁ የጌቶቹ ቤት ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን፣ «የባሮች የቤት ዕቃ» የሚል ተጽፎባቸው ተደርድረዋል። አናጢያችን ደግሞ ሰዓቱን ዘይት ቀብቶ አስነሳው፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እትዬ።

ዛሬ ቢሮዋ ገብቼ ወደ ቦታቸው ይመለሱ አልኳት።

«አንቺው ቆሻሻ ነው ብለሽ ለቅመሽ አምጥተሽ፣ አሁን አንቺው መቃብር ነው ትይኛለሽ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው።

«የማን እንደሆነና የት እንደነበረ አስረጂኝ፣ እመልሳለሁ» አለች በመጨረሻ። «ካልሆነ ኤፕሪል 24 ሣጥኑ ይመረቃል፤ ዕቃውም የርስቱ ይሆናል።»

ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሥዬ ልኬልዎታለሁ። ከማሰሮው እስከ ትንሿ የጎበጠች ማንኪያ የቀረ የለም። የእያንዳንዱን ባለቤት ይንገሩኝ። ያጠፋሁትን የማስተካክልበት ሌላ መንገድ የለኝም።

ካሊስታ


ፊላዴልፊያ
ማርች 1

ልጄ ካሊስታ፣

ሰዓቱን አስቁሚው። ይህን እንዳነበብሽ ተነሺና አስቁሚው። ትንሿ ዘንግ አራት ላይ፣ ትልቋ ሁለት ላይ ትሁን። ካጆ ነፍሱ የወጣችው በዚያች ደቂቃ ነው። ዕድሜውን በሙሉ በሰው ደወል ሲነሳና ሲተኛ ኖሮ፣ ነጻ ሲወጣ መጀመሪያ የገዛው ነገር ያን ሰዓት ነበር። አናጢያችሁ እጁን ይሰብሰብ።

አያቴ ታምሲ በየዓመቱ፣ ሩዟን ከመዝራቷ በፊት፣ እጄን ይዛ ትወስደኝ ነበር። እሷ ራሷ በባርነት የተወለደች ናት፤ ሁሉንም በአካል ወይም በእናቷ አፍ ታውቃቸዋለች። እያንዳንዱን በስሙ ጠርታ «እንዴት አደርክ?» ትላለች። እኔም እንድል ታደርገኛለች። ካላልኩ ጆሮዬን ትቆነጥጣለች። ስለዚህ ካርታው ያለው ጆሮዬ ላይ ነው፤ ለስልክ ባይሆንም ለዚህ ይሠራል።

ከጥዱ ጀምሪ፣ ፊትሽን ወደ ወንዙ አድርጊ። ሰባት ርምጃ ስትሄጂ ካጆ ነው። ከሱ አራት ርምጃ ወደ ቀኝ፣ ማሰሮው የፕሪንስ ነው። ፕሪንስ የውሃ በር ጠባቂ ነበር። ባሕሩ ሲገፋ ጨው ማሳው እንዳይገባ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ በሩን የሚዘጋው እሱ ነው። ሩዙን ያበቀሉት ጌቶቹ ናቸው ብለሽ ለጎብኚ ከተናገርሽ ፕሪንስ ይፋረድሽ። ከፕሪንስ አጠገብ ጠርሙሱ የአጋር ነው፤ ወባ ነው የገደላት። ከአጋር አምስት ርምጃ ወደ ወንዙ፣ ፋኖሱ የባይና ነው። ባይና አዋላጅ ነበረች። የጌቶቹንም የኛንም ልጆች ያዋለደች እሷ ናት። የራሷን ሦስቱን ግን ከጉያዋ ነጥቀው ሸጠውባታል። ታምሲ እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር።

የቀሩትን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። ጽሑፌ አያምርምና ለማንበብ ታገሺ።

አክስትሽ ኤልዶራ


ቴምፐርሊ
ማርች 9

እትዬ ዶራ፣

ጆሮዎ ይባረክ! ከጥዱ ተነስቼ ርምጃዬን እየቆጠርኩ ሄድኩ። እርስዎ ባሉበት ሁሉ መሬቱ ሰርጎድ ብሏል፤ አንድም አልተሳሳቱም። በያንዳንዱ ላይ ችካል ተከልኩ፤ «እንዴት አደርክ?» ማለትም አልረሳሁም። አንድ ጎብኚ አይቶኝ ፈገግ ብሎ አለፈ፤ ይበል።

ሰዓቱንም አስቁሜዋለሁ። አናጢው አኩርፏል። ወይዘሮ ኮርቢት ደብዳቤዎን ሁለቴ አንብባ «እነዚህን እመልሳለሁ» ብላለች።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ከባይና በስተግራ አንድ ትንሽ ቦታ አለች፤ ክንዴን ብዘረጋ የምታልቅ። ዙሪያዋን የባሕር ዛጎል ተደርድሮባታል። ዛጎሎቹ መሬት ውስጥ ገብተው ስለነበር ሳናነሳቸው ቀርተናል፤ ተመስገን። በወረቀትዎ ላይ ግን የለችም። ከዕቃዎቹም መካከል ባለቤት ያልተገኘላት አንዲት ናት፤ ማንኪያዋ። ረስተዋት ይሆን?

የምጠይቅዎት በምክንያት ነው። ወይዘሮ ኮርቢት ማንኪያዋን ወዳታለች። ለመታሰቢያው ቀን በሚታደለው መጽሔት ሽፋን ላይ ፎቶዋ ይወጣል፤ ከሥሩም «የአንድ ባሪያ ሕፃን ማንኪያ» የሚል ይጻፋል። ሕፃኑ ማን እንደነበረ ብናውቅ ስሙን ሰሌዳው ላይ እናስገባዋለን።

ካሊስታ


ፊላዴልፊያ
ማርች 16

ካሊስታ፣

እዚህ በረዶ ክምር ብሎ መንገድ ዘግቷል። የዲያቆኑ ሚስት የሰሊጥ ብስኩት አምጥታልኝ ነበር፤ ድንጋይ ነው፣ ጥርስ የሚያስቀምጥ አይደለም። ዳሌዬ እንደነገሩ ነው።

የጠየቅሽኝን አይቻለሁ። ማንኪያዋን ተያት። ሣጥኑ ውስጥ ትቀመጥ፤ የምትጎዳው ሰው የለም። ሁሉን ነገር ካላወቅሁ ማለት ጥሩ አይደለም፤ አባትሽም እንዲህ ያደርገው ነበር። ሽፋኑ ላይ ግን አታውጧት። ለሴትዮዋ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፦ ሌላ ፎቶ ፈልጊ።

ለ24 አልመጣም። የባቡር ትኬት እንዳትልኪ፤ ተመላሽ ነው የማደርገው።

ኤልዶራ


ቴምፐርሊ
ማርች 25

እትዬ ዶራ፣

በእርስዎ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ዛሬም አላደርግም፤ በልቤ ግን እየጮህኩ ነው የምጽፈው።

ከዚያ መሬት መርፌ አይነሳም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። በዚህ ምክንያት አሥር ቀን እንቅልፍ አጣሁ። አሁን ደግሞ ማንኪያዋን ተያት ይሉኛል። የትኛውን ልስማ?

ነገሩም ከእኔ እጅ ወጥቷል። ሰኞ ከዩኒቨርሲቲ አንድ ሰው መጥቶ ዕቃዎቹን መረመረ። ማንኪያዋን አገላብጦ አየና «ይቺ የባርነት ዘመን አይደለችም» አለ። ጀርባዋ ላይ የፋብሪካ ማኅተም አለ፤ የተሠራችው በ1920 ግድም ነው። ወይዘሮ ኮርቢት ወደ እኔ ዞረች።

«አክስትሽ ይህን አላወቁም?» አለችኝ። «ይህን ካላወቁ የሌላውን እንዴት አወቁ? ወይም ደግሞ መጀመሪያ ያልሽው ልክ ነው፤ ሰው ሁሉ ቆሻሻ የሚጥልበት ቦታ ነበር።»

ስለ ካጆ፣ ስለ ፕሪንስ፣ ስለ ባይና የጻፉትን በሙሉ ተጠራጥራለች። የማንኪያዋ ነገር እስኪታወቅ አንዱም ዕቃ ከሣጥኑ አይወጣም ብላለች። ለርስቱ ባለአደራዎች ውሳኔዋን የምታሳውቀው ኤፕሪል 9 ነው። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ይታሸጋል፤ መቃብሩም ምልክት አልባ ይቀራል። እኔ እዚያ ቆሜ ለሰው «እዚህ የሆነ ሰው ተኝቷል፣ ማን እንደሆነ አናውቅም» እላለሁ፤ ያሳወቅሁትም ያስጠፋሁትም እኔው ነኝ።

እትዬ፣ እርስዎ ረስተው አይደለም። ሠላሳ ሰው በርምጃ ቆጥሮ ያስታወሰ ሰው ዛጎል የተከበበች ቦታ አይረሳም። የማን ናት?

ካሊስታ


ፊላዴልፊያ
ኤፕሪል 2

ልጄ፣

ሦስት ወረቀት ቀድጄ ይህ አራተኛው ነው። ይህንንም ሳልቀድደው ፖስታ ቤት ላድርሰው።

የኔ ናት።

ልጅ ነበረኝ። ጁላይ ይባላል፤ በተወለደበት ወር ነው የጠራሁት። ስምንት ወር ኖረ። የሞተው በማርች 1927 ነው፤ እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቱን አትጠይቂኝ፤ ደህና ሰው ቢሆን ኖሮ ቀድሜ አነሳው ነበር። ሟቹ ባሌ ሆረስ ሳያውቅ ሞተ። አባትሽም አያውቅም፤ ያን ሰሞን አክስታችን ዘንድ ልከውት ነበር። ይህን የማውቀው አሁን እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ደግሞ አንቺ።

ሰባኪያችን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይቀበርም አለ። ባል የለሽም፣ ልጁም የማን እንደሆነ አልታወቀም ብሎ። እናቴ አንገቷን ደፋች። አያቴ ታምሲ ግን ብድግ አለች። ያኔ ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው። ሕፃኑን ከእቅፌ ተቀበለችኝና «ነይ ተከተይኝ» አለችኝ። «ጥዱ ሥር ያሉት የማን ልጅ ነው ብለው አይጠይቁም። የሰው ልጅ ማሳደግ ይችሉበታል። ባይና ሦስት ተነጥቃለች፤ አንድ እንስጣት።»

ከባይና በስተግራ አስተኛነው። ዛጎሉን ከወንዙ ዳር የለቀምኩት እኔ ነኝ። በማንኪያዋ መጨረሻ የበላው የሩዝ ውሃ ነው።

አያቴ «ስበሪያት» አለችኝ። አቃተኝ። በሁለት እጄ ይዤ ስጫናት ጎበጠች፤ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «እንግዲያው ሰንሰለቱ አልተበጠሰም» አለችኝ። ልትቆጣኝ ፈልጋ አልነበረም። በኋላ ከሆረስ ሁለት ፀነስኩ፤ ሁለቱም አልቆዩልኝም። ያኔ ቃሏ ትዝ አለኝ። የሚጎትተው ልጄ ነው ብዬ ፈራሁት። የገዛ ልጄን! እናት ስልሳ ስድስት ዓመት መቃብሩን ሳታይ የኖረችው ስለፈራችው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይህን ደብዳቤ ለሴትዮዋ አንብቢላት። ካጆና ፕሪንስ በኔ እፍረት ምልክት አልባ አይቀሩም። እነሱ ልጄን ሲቀበሉ ምንም አልጠየቁኝም።

ኤልዶራ


ቴምፐርሊ
ኤፕሪል 10

እትዬ ዶራዬ፣

ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም። የሰጡኝን ሩዝ ሁሉ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እሁድ በእሁድ የሰጡኝን፣ ሳስበው ዋልኩ። እኔን ሲያጎርሱ ማንን እያዩ ነበር?

የሆነውን ልንገርዎት። ወይዘሮ ኮርቢት ደብዳቤዎን ከእጄ ተቀብላ ራሷ አነበበችው፤ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ሲያልቅ አጥፋ መለሰችልኝ። ቁልፏን አውጥታ ወደ ሣጥኑ ሄደች። መጀመሪያ ጽሑፉን ገነጠለችው፤ ከዚያ ማንኪያዋን አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ትናንት ለባለአደራዎቹ የተናገረችው አጭር ነበር፦ «ቦታው መቃብር ነው። ተሳስቼ ነበር።»

መጽሔቱ ግን ታትሞ ነበር። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ቢሮ ተቀምጠን ሽፋኑን በመቀስ ስንቆርጥ ዋልን፤ እሷም፣ ያኮረፈው አናጢም። ደብዳቤዎን ከሷ በቀር ማንም አላነበበም።

ዕቃዎቹ ሁሉ ተመልሰዋል። ሰዓቱ ካጆ ራስጌ ነው፤ አራትና ሁለት ላይ። ፋኖሱ ባይና ጋ ነው። ያልተመለሰችው ማንኪያዋ ብቻ ናት፤ ክፍሌ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላለች። ሁለት ነገር ይንገሩኝ። ያኔ ያቃትዎትን እኔ ሰብሬልዎት ላስቀምጣት? የጁላይንስ ስም ሰሌዳው ላይ እናስገባው?

ልጅዎ ካሊስታ


ፊላዴልፊያ
ኤፕሪል 15

ካሊስታ ልጄ፣

ስሙን ሰሌዳው ላይ አታስገቡት። ሰሌዳው በባርነት ለኖሩት ነው፤ ጁላይ ነጻ ሆኖ ተወልዶ ነጻ ሆኖ ሞተ። እሱ እዚያ እንግዳ ነው። አስተናጋጆቹን አክብሩልኝ፣ ይበቃል። ሰው ከጠየቀ ግን «የኤልዶራ ልጅ ነው» በይ። ጮክ ብለሽ በይ።

ማንኪያዋን እንዳትሰብሪ። ማንም እጁን እንዳያሳርፍባት። ትኬት ቆርጫለሁ፤ ሐሙስ በጠዋቱ ባቡር እደርሳለሁ። የዲያቆኑ ሚስት «በዚህ ዕድሜሽ ብቻሽን?» ብላ ጮኸችብኝ፤ እንዳልሰማ ሆንኩ። ምርኩዙንም ይዣለሁ፤ አሁን ደስ ይበልሽ።

ማንኪያዋን ራሴ አቀናታለሁ። ቀጥ አድርጌ፣ ሙሉዋን፣ ራስጌው አኖራታለሁ። ሰው ያየና «አልሰበሯትም እኮ፣ ሟቹ ይጎትታል» ይል ይሆናል። ይጎትተኝ። ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው፤ ከልጄ መሸሽ በቃኝ።

ባቡር ጣቢያ ጠብቂኝ። ከመምጣትሽ በፊት ትንሽ ሩዝ በብዙ ውሃ ቀቅይልኝ፤ በጣም ይላም፣ ጨው አይግባበት። ማንኪያዋን ባዶዋን አላስቀምጣትም።

እናትሽ ኤልዶራ